ለአንቺ ሲ መች አነሰሽ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ውሃ መጣ። ሁለት ጀሪካን ሞላሁ፣ ልብስ ዘፈዘፍኩ። ልጄን ኸሊዳን ቀሰቀስኩ። ተመልሳ ተኛች። እንደገና ቀሰቀስኩ። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፣ ዛሬም እንደ ሕፃን እየጎተትኩ ነው የማስነሳት። ባጃጅ አጥተን እስከ ሎግያ መውጫ ድረስ በእግራችን ሄድን። ሰመራ፣ የነርስ ኮሌጃችን ስንደርስ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ገና ጠዋት ነው እኮ!

የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ተለጥፏል። ኸሊዳ ሁለት ኤ፣ የቀረው ቢ። እኔ... አንድ ቢ፣ የቀረው ሲ። ቢዋም የሥነ ምግባር ትምህርት ናት። እሷን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ቢ ነው ያመጣው።

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። አብራር የሚባል ልጅ አለ፣ ከኋላዬ ነው የሚቀመጠው፣ ሃንድአውት ገዝቶ አያውቅም። እሱ ደግሞ፣ "ማዘር፣ ለአንቺ ሲ መች አነሰሽ?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ማዘር ነው የሚለኝ። ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ግን ከነከነኝ። "ለአንቺ" ማለት ምን ማለት ነው? ኸሊዳ ሲ ብታመጣ ምን ሆና ነው፣ አሟት ነው ይላሉ። እኔ ሲ ሳመጣ ያጨበጭቡልኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መምህር ስዩም ፋርማኮሎጂ ጀመረልን። የመድኃኒት ትምህርት ነው። ያስተምራል፣ ጎበዝ ነው፣ ንግግሩ ይፈጥናል እንጂ። ትምህርቱን ሳይጀምር ስለ ውጤት መከረን። በሽተኛ ግሬዳችሁን አይጠይቃችሁም አለ። ኤ ያመጣም ይውጋ፣ ሲ ያመጣም ይውጋ፣ መርፌው እኩል ነው የሚያመው አለ። ክፍሉ ሳቀ።

በሽተኛው አይጠይቅ ይሆናል። ቀጣሪው ግን ይጠይቃል። ባለፈው ክረምት አዋሽ ላይ የተለጠፈ የነርስ ቅጥር ማስታወቂያ ቆሜ አንብቤያለሁ። አማካይ ውጤቱ ከቢ በታች የሆነ አይመዝገብ ይላል። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እዚያው ከቤቴ በታች፣ በእግሬ ሄጄ የምገባበት ሥራ...

አንድ ነገር ይገርመኛል። ውጤት ምንም አይደለም ብለው የሚመክሩኝ ሰዎች ሁሉ ጥሩ ውጤት ያላቸው ናቸው። ስዩምም በማዕረግ ነው የተመረቀው ይባላል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

እሑድ፣ የካቲት 9

እታፈራሁ ከአዋሽ ደወለች። ምግብ ቤቴን ለእሷ ትቼላት ነው የመጣሁት። ሹፌሮቹ ሁሉ ሱልጣና የት ሄደች ይሉኛል፣ ተማሪ ቤት ገባች ስላቸው ይስቃሉ አለች። "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቅልሽ?" አለችኝ። እሷም ከተባባልነው ጊዜ በላይ አትጠብቀኝም። እውነቷን ነው፣ የራሷ ኑሮ አለባት።

እኔ ደግሞ አመጣጤ እንዲህ አልነበረም። ኸሊዳ ብቻዋን ሰመራ አትሄድም ብሎ አባቷ እንቢ አለ። አብሬያት ልሂድ አልኩት። ታዲያ እሷ ኮሌጅ ስትውል እኔ የኪራይ ቤት ግድግዳ ሳይ ልዋል? የማታ ተምሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። እኔም ልመዝገብ አልኩት። ባሌ አህመዲን ከባድ መኪናውን እያጠበ ነበር። ጎማውን አጥቦ ጨረሰ። ከዚያ፣ "ከልጅሽ ጋር ገብተሽ ከልጅሽ ጋር ትወጫለሽ። አንድ ዓመት ከተጨመረ ግን እኔ የለሁበትም" አለኝ። ተስማማሁ።

ስለዚህ አንድ ኤፍ ማለት መድገም ነው። መድገም ማለት ዓመት መጨመር ነው። ዓመት መጨመር ማለት... ወደ አዋሽ፣ ወደ ድስቱ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ስድስት ገጽ አነበብኩ። የገባኝ ሁለቱ ነው።

ኸሊዳ ጋደም ብላ፣ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ፣ አንዴ ታያትና ገባኝ ትላለች። ደግሞም ይገባታል። እኔ እንደ ተጫነ ተሳቢ ነኝ። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የምወጣው፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋብኛል።

ፊደል የቆጠርኩት ሚሌ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ስኳር ከምንጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ። የዜናው መጨረሻ ሁልጊዜ ለሌላ ደንበኛ ተጠቅልሎ ሄዷል። ምን ያህል ጦርነት ጀምሬ መጨረሻውን ሳላውቅ ቀርቻለሁ! አሁን ደግሞ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እጥፍጥፍ ወረቀት እሰበስባለሁ። ኸሊዳ ትስቅብኛለች። ግን ከሃንድአውቱ ይልቅ ያቺ ወረቀት ትገባኛለች። ከምግብ ጋር ይወሰድ፣ ከወተት ጋር አይወሰድ... ይሄ የሰው ንግግር ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ረመዳን ገባ። ጾም፣ ሙቀት፣ ፋርማኮሎጂ። አላህ ያግራልን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

የፋርማኮሎጂ ሚድ፣ የመንፈቁን አጋማሽ ፈተና፣ ተፈተንን። የሆነውን ልጻፈው።

ክፍላችን የጣት ቋንቋ አለው። ማን እንደጀመረው እንጃ። አውራ ጣት ኤ፣ ጠቋሚው ቢ፣ የመሃሉ ሲ፣ የቀለበቱ ዲ። ጎበዝ የሆነው ከፊት ይቀመጥና እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከአንደኛው ጥያቄ ጀምሮ በተራ ያሳያል። አላሳይም ያለ ስግብግብ ይባላል። ሰላም የሚለውም አያገኝ። ኸሊዳ ለጓደኞቿ ስታሳይ አይቻለሁ። ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። እኔ መሃል፣ አብራር ከኋላዬ።

ጥያቄው በሙሉ ምርጫ ነው። ሠርቼ ጨርሻለሁ። በእርሳስ አጥቁሬ። ጥቂቱን ተጠራጠርኩ እንጂ አብዛኛውን አውቄዋለሁ። ቀና ስል የኸሊዳ እጅ ከሻሿ በታች ነው። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ። ለማን ነው ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ... ለእኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ከእኔ ጋር አንድ ሆኑ። ስድስተኛው ላይ ተለያየን።

ስድስተኛው፣ ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለበሽተኛ ከመስጠትሽ በፊት ምን ትለኪያለሽ ነው የሚለው። የልብ ምት። ቢ ነው። አውቀዋለሁ፣ ወላሂ አውቀዋለሁ። የእሷ ጣት ዲ ይላል። ዲ የሰውነት ሙቀት ነው። ሙቀት? ለዲጎክሲን? ግን ኸሊዳ ባለሁለት ኤ ናት። እሷ ትሳሳታለች? የምሳሳተው እኔ ነኝ እንጂ... ላጲሴን አነሳሁ። አጠፋሁት። ሰባተኛውንም። ስምንተኛውንም። እስከ መጨረሻው።

ወረቀቱን ሰጥቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ዘጠኝ። ከሠላሳው ዘጠኙን ብቻ።

ሰሌዳው ላይ ስሜን ሦስት ጊዜ ፈለግሁት፣ ሌላ ሱልጣና ካለች ብዬ። የለችም።

ኸሊዳ ሃያ ስምንት። አብራር ሃያ ሰባት! ለስላሳ ይዞልኝ መጣ። እየጾምኩ! "ለኢፍጣር አስቀምጪው ማዘር፣ ወላሂ ውለታሽን አልረሳም" አለኝ። ከትከሻዬ በላይ የመልስ ወረቀቴን አይቶ እንዳለ ገልብጦታል ለካ። እሱ የእኔን ገልብጦ ሃያ ሰባት፣ እኔ የገዛ ወረቀቴን ይዤ ዘጠኝ። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?

የክፍል አለቃዋ እድላዊት ናት ያስረዳችን። ስዩም ኩረጃ ሰልችቶት ፈተናውን በሁለት ኮድ አውጥቶታል። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ነው፣ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ግን ጥያቄው ተቀያይሯል። አንድ ወንበር ኮድ አንድ፣ የሚቀጥለው ኮድ ሁለት። ኸሊዳ ኮድ አንድ። እኔ ኮድ ሁለት። ከኋላዬ አብራር ኮድ አንድ። ልጄ የራሷን ፈተና መልስ ሰጠችኝ፣ እኔ ተቀብዬ በማላውቀው ፈተና ላይ ጻፍኩ፣ አብራር ከእኔ ወሰደና ለእሱ ልክ መጣለት። ቧንቧ ሆኛለሁ ማለት ነው። ውሃው በእኔ ውስጥ አልፎ ሌላ ሰው ያጠጣል።

ለስላሳውን ለአከራያችን ልጅ ሰጠሁት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ስዩም ቢሮው አስጠራኝ። የመልስ ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። "ወይዘሮ ሱልጣና፣ ስህተትዎ በጣም ትክክል ነው" አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኮድ አንድ ቢታረም ሃያ ሰባት ያገኛል አለ። ማን ሰጠዎት ብሎ አልጠየቀኝም። ከፊቴ ማን እንደተቀመጠ አይቷል።

ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ብርሃኑ ላይ ያዘው።

"ይሄ ከስር ያለውስ የማን ነው?"

ላጲሱ በደንብ አላጠፋውም። ጥላው ይታያል። የእኔ ነው አልኩት። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ከኮድ ሁለት መልስ ጋር ማመሳከር ጀመረ። እኔ እንደቆምኩ።

ሃያ አምስት። ብቻዬን የሠራሁት ሃያ አምስት ነበር።

ዘጠኟ ትቆያለች አለኝ። ያጠፉትን ልቆጥርልዎ አልችልም አለ። ሪፖርት ባደርግ ልጅዎም አብራ ነው የምትቀጣው፣ ሁለታችሁንም ከትምህርቱ ያወጧችኋል፣ ስለዚህ አላደርግም፤ ሁለተኛ ባየሁ ግን አደርጋለሁ አለ። እሺ አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ፣ "ለምን አጠፉት?" አለኝ። እንደ ተቆጣ ሳይሆን፣ እንደ ገረመው። ወጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ከኢፍጣር በኋላ ኸሊዳን ቁጭ አደረግኋት።

"ማን ጠየቀሽ?" አልኳት።

"ማንም። ልረዳሽ ነዋ።"

"አንብቤያለሁ አላልኩሽም?"

"ሁልጊዜ አንብቤያለሁ ትያለሽ እማ። ታነቢያለሽ፣ ታነቢያለሽ፣ ከዚያ ሲ ታመጫለሽ። ይሄ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ብትወድቂስ? አባዬ ይወስድሻል፣ እኔ እዚህ ብቻዬን እቀራለሁ።" አለቀሰች።

ሃያ አምስት እንደነበር ነገርኳት። በእንባ የራሰ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ "እውነት?" አለችኝ።

ያቺ "እውነት" ከዘጠኟ በላይ አመመችኝ።

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ተቆጣሁም። ግን በማን ነው የምናደደው? እሷ ጣቷን ነው ያንቀሳቀሰችው። ላጲሱ በእኔ እጅ ነበር። ዓይኔ ሥር ያለውን የልብ ምት አጥፍቼ የሰውነት ሙቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲ ይበቃሻል ሲለኝ እበሳጫለሁ። ለካ የእኔም ውስጥ እንደዚያው ነው የሚለው።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

አህመዲን ከጅቡቲ ሲመለስ ሰርዶ ላይ ሆኖ ደወለ። ለዒድ አዋሽ ሊወስደን ነው። ሻንጣ፣ ሃንድአውት፣ ካርቶን ሙሉ የመድኃኒት ወረቀት መኪናው ላይ ጫንን። "ይሄ ምንድነው፣ ፋርማሲ ልትከፍቺ ነው?" አለኝ። ኸሊዳ ከወንበሩ ኋላ ያለው አልጋ ላይ ወጥታ ወዲያው ተኛች።

ሚሌ አፈጠርን። ከዚያ መንገዱ ሲረዝምብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የመድኃኒቶቹን ስም እደጋግም ጀመር። ለካ ይሰማኛል። "እኔ ለወገቤ የምውጣት ቢጫዋስ እዚያ ውስጥ አለች?" አለኝ። የትኛዋ ብዬ ኪሱን ዳበስኩ። ዲክሎፌናክ። መቼ ነው የምትውጣት ብለው በየቀኑ ሳፈጥር በውሃ፣ ከምግቡ በፊት ይላል። በባዶ ሆድ! ጾሞ ውሎ! ጨጓራህን ልትበሳው ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። እኔ ጮህኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ጮኼበት አላውቅም። "ገና ነርስ ሳትሆኚ ጀመርሽ" ብሎ ሳቀ። መድኃኒቷን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ስከታት አልከለከለኝም።

ዘጠኝ ማምጣቴን ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ ኸሊዳ ከኋላችን ናት። ማርሽ ቀየረ። ከዚያ፣ "ተይው በቃ። ልጅቷ ትለምደዋለች። ወረቀቱ ምን ያደርግልሻል? አሁን እኔን እንዳወቅሽብኝ ማወቁ ይበቃሻል፣ ለቤታችን ትሆኚናለሽ" አለኝ። በደግነት ነው የሚናገረው፣ እሱ ነው የከፋው። ክፉ ቢናገረኝ መልስ ነበረኝ።

"እስከ ፋይናል ፈተና ጠብቀኝ" አልኩት።

"እስከ ፋይናል" አለ። "ከወደቅሽ ግን በሰኔ እቃሽን እጭናለሁ።"

ሰኞ፣ መጋቢት 22

አዋሽ። ዒድ ትላንት ሆነ፣ አልሃምዱሊላህ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ዋለ። የአህመዲን እህት አሪፋ ከገዋኔ መጥታለች። ኸሊዳን አገላብጣ ሳመቻት፣ ስንት አመጣሽ የኔ ልጅ አለቻት፣ ሁለት ኤ ሲሏት እልል አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አንቺስ፣ በደንብ ትጠብቂያታለሽ?" አለችኝ። እኔም እኮ ተማሪ ነኝ አልኩ። "እሱስ አዎ" አለች፣ ኩኪሷን አነሳች።

ጎረቤቶቹ ደግሞ መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ይሄ ለምኑ ነው፣ ያኛው ጊዜው አልፏል ወይ... አንዱንም አላባረርኩም። የማውቀውን አነበብኩላቸው፣ የማላውቀውን ሐኪም ጠይቁ አልኳቸው። እታፈራሁ ከጓዳ፣ "ነርሷ፣ ድንቹን ማን ይላጠው?" ብላ ተጣራች። ሄጄ ላጥኩ።

ማንም ስንት አመጣሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ዘጠኝ ልል ነበር። ግን ቢጠይቁኝ...

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

በፋን ሥር ተቀምጦ ማንበብ አይቻልም፣ ወረቀቱን ይበትነዋል። ፋኑን ማጥፋትም አይቻልም፣ ሰውን ያቀልጠዋል። እግሬን በውሃ ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ወረቀቱን በድንጋይ ተጭኜ አነባለሁ። ኸሊዳ ፎቶ አንስታኝ ለአባቷ ላከችለት። ምንም አልመለሰም።

አንድ ነገር ለወጥኩ። ማታ ማታ ኸሊዳ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ልክ ይሁን አይሁን አትነግረኝም። እስክጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንድታዞር ነግሬያታለሁ። ፊቷን ካየሁ መልሴን እቀይራለሁ። ይሄንን በሽታ መጀመሪያ ማከም አለብኝ። መጀመሪያ ሰሞን አፏን ይበላት ነበር። "እማ፣ እርግጠኛ ነሽ?" ትላለች። አትበዪኝ እላታለሁ። ትላለች። እንጣላለን።

ዛሬ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። ከገባን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ስዩም ሌላ ሰው መስሎት ከኋላዬ ያለውን አብራርን "አዎ፣ ቀጥል" አለው። አብራር ደነገጠ። ክፍሉ ሳቀ። እጄን አላወረድኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አብራር ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። በፋይናሉ አሥር ደቂቃ ቀድመው ገብተው ወንበሩን እየዘለሉ ኮድ አንዱን በአንድ መስመር፣ ኮድ ሁለቱን በሌላ መስመር ሊያሰልፉ አስበዋል። ኸሊዳ ለአንዱ፣ ሌላ ጎበዝ ልጅ ለሁለተኛው። እኔ መሃል ነኝ። "አንቺ ቀስ ብለሽ ነው የምትጽፊው ማዘር፣ ያንቺን ወረቀት ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል፣ አንቺ ከሌለሽ ሰንሰለቱ ይበጠሳል" አለኝ። እንዲህ የተፈለግሁበት ቀን የለም።

ከፊት ነው የምቀመጠው አልኩ። ፈታኙ አጠገብ። ስዩምን አስፈቅጃለሁ።

ተያዩ። ከሁለቱ አንዷ፣ "ለአንቺ ምን ይጎድልብሻል? ምግብ ቤት አለሽ፣ ባል አለሽ። እኛ እኮ ወጣት ነን፣ ሥራ የምንፈልግ" አለችኝ። ሲሄዱ አብራር ብቻ ዞር ብሎ፣ "ማዘር፣ ስግብግብ አትሁኚ" አለ። ለስለስ አድርጎ።

ኸሊዳ ቤት ገብታ አኮረፈች። "አንቺ ስትቀየሚያቸው እኔን ነው የሚያገሉኝ" አለች። እሷም አላሳይም ብላቸዋለች፣ እኔ ሳልጠይቃት። ታዲያ ለምን በእኔ ታኮርፋለች? ሁለታችንም ዛሬ ብቻችንን ምሳ በላን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ፋይናል። መብራት የለም፣ ፋኑ ቆሟል። ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ፣ በሻሼ ጫፍ አደረቅሁት።

ላጲስ አልያዝኩም። ቤት ትቼው ሄድኩ።

ከፊት ስቀመጥ ከኋላዬ ያለው ሹክሹክታ ሁሉ ስለ እኔ መሰለኝ። ምናልባትም ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ረሳኋቸው። የማላውቃቸው ጥያቄዎች ነበሩ፣ አላወቅኋቸውም፣ አንዱን መርጬ አለፍኩ። ስለ ቴትራሳይክሊን አንድ መጣ፣ ከወተት ጋር ለምን አይወሰድም አብራሪ የሚል። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። እንግሊዝኛው ተሰባበረ፣ ግን ጻፍኩ።

የመጨረሻዋ ሆኜ ወጣሁ። ኸሊዳ ውጪ ጥላ ሥር ቆማለች። እንዴት ነበር ልትለኝ አፏን ከፈተች... ከዚያ ዘጋችው። ውሃ ሰጠችኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሲ ፕላስ።

ኸሊዳ ኤ። አብራር ዲ፣ ሊያልፍ ችሏል፣ አላህ ሲወደው። ኸሊዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አለፍሽ! እማ፣ አለፍሽ!" አልተለያየንም ማለቷ ነው። እኔም አቀፍኳት። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ? ሌላውንም አልፌያለሁ፣ መድገም የለም። እቃ መጫን የለም።

ከዚያ ደግሞ ሰዉ ጀመረ። እድላዊት ሳትቀር። ለአንቺ ሲ ፕላስ ማለት እኮ...

አልተኛሁም ብል ማጋነን ይሆናል። ተኛሁ። ግን ተናድጄ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ጠዋት ለኸሊዳ ሳልነግራት ስዩም ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቴን ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። አልፈዋል እኮ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ለእርስዎ ሲ ፕላስ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጆቹ እንኳ ስንቱ ወድቋል፣ አላህን ያመስግኑ አለኝ።

"አመሰግናለሁ። ግን ወረቀቴን አሳየኝ" አልኩት። አልተቀመጥኩም። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ተማሪ መጣ፣ አሳለፍኩት፣ እንደገና በሩ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ መሳቢያውን ከፈተ።

አንድ በአንድ አየሁት። የተሳሳትኩት የእውነት ተሳስቼ ነው። ሁለቱን እንዲያውም አሁንም አላውቃቸውም፣ ጠየቅሁት፣ አስረዳኝ። የቴትራሳይክሊኗን ሙሉ ሰጥቶኛል። ግን የሦስተኛው ገጽ ድምር ልክ አልመጣልኝም። እንደገና ደመርኩ። ይሄን ብታይልኝ አልኩት። ደመረ። ሁለት ነጥብ ጎድሏል። ይቅርታ ወይዘሮ ሱልጣና፣ ብዙ ወረቀት ነው አለ። ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ አስተካከለው።

ሁለት ነጥብ ተጨመረ። ፊደሏ ግን አልተቀየረችም። ቢ ከስልሳ አምስት ይጀምራል፣ እኔ ስልሳ ሁለት ነኝ። ሲ ፕላስ እንደሆነች ቀረች! ሰው ይስቅ ወይስ ያልቅስ?

ስዩም፣ በሚቀጥለው ዓመት አራት ትምህርት አለ፣ በእነሱ አማካዩን መሳብ ይቻላል አለኝ። ይቻላል ወይ አልኩት፣ የእውነት ጠየቅሁት። በዚህ አያያዝ ይቻላል፣ ግን ይከብዳል፣ በሁሉም ኤ ያስፈልግዎታል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ውጤት ምክር ሳይሆን ሒሳብ ነገረኝ። ስለዚህ አመሰገንኩት።

ከሰዓት አህመዲን ደወለ። ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ዲቾቶ ቆሟል፣ ከኋላው የከባድ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። አለፍሽ ወይ አለኝ። አልፌያለሁ አልኩት። አልሃምዱሊላህ አለ፣ ከልቡ። ከዚያ፣ "ታዲያ ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ሲ ፕላስ ነው። ቢ ነበር የሚገባኝ።"

"ስንት ጎደለሽ?" አለኝ።

"ሦስት ነጥብ" አልኩት። ከዚያ ስለ ሚዱ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጣቱ፣ ስለ ሁለቱ ኮድ፣ አውቄ ሠርቼ ስላጠፋሁት ሃያ አምስት። ኸሊዳ አጠገቤ ሆና ትሰማለች፣ አንገቷን ደፍታ። ሳላቋርጥ ይህን ያህል አውርቼለት አላውቅም። አንድም ቦታ አላቋረጠኝም። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"አለህ?" አልኩት።

"አለሁ" አለ። "መስከረም ላይ የምትገቡት ቀኑ መቼ ነው? ጭነት ሳልይዝ ቀድሜ ላድርሳችሁ።"